የግንቦቱ የወፍ ጉዞ፦ ለቦርዱ የሚቀርበው ሐሳብ

ሰብሳቢዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። እስካሁን የያዝነው ይሄ ነው። አንድ ቅዳሜ ወፍ ለማየት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ደለዌር፣ ቦምቤይ ሁክ የሚባለው የዱር እንስሳት መጠለያ እንሄዳለን። 20 ሰው፣ ሁለት ቫን፣ መንገዱ ሁለት ሰዓት ገደማ። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ይሻላል ብዬ ሐምሌ ላይ አድርጌዋለሁ። ሐሳብ ስጡበት።

ዓምና የሄደው አባል፦ እህቴ፣ ሐምሌን እንተወው። ዓምና በሐምሌ ሄደን ግሪንሄድ የሚሉት ተናካሽ ዝንብ ከመኪና አላስወርድ አለን። ልጄ እያለቀሰች ነው የተመለስነው።

ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። በግንቦት፣ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ፣ ባሕሩ ከፍ ሲል ሆርስሹ ክራብ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ደለዌር ቤይ ዳርቻ ይወጣል። ቅርፊቱ የፈረስ ኮቴ የሚመስል እንስሳ ነው። ሬድ ኖት የምትባለው ትንሽ ወፍ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነስታ የምትደርሰው በዚያው ሰሞን ነው። ከስታ፣ አልቆላት ትመጣለች። ሁለት ሳምንት ያን እንቁላል ስትለቅም ክብደቷ እጥፍ ሊሆን ይደርሳል። ከዚያ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ሄዳ ትፈለፍላለች። እዚህ ካልጠገበች ያን መንገድ አትችለውም። በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ሕልውናቸው ያሰጋል ካላቸው ፍጥረታት መካከል ናት። ስለዚህ ቀኑን በእሷ እንቁረጥ፤ እኛ እንመቻቻለን።

አንዲት እናት፦ ግንቦት ለእኔም ጥሩ ነው ልጄ። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ጾም የለም። ቋንጣ ፍርፍሩን ለእኔ ተዉት። ያደግኩት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው፤ ያ ነጩ፣ እግረ ረጅሙ ሳቢሳ እዚያ ይኖራል? ብዙ መራመድ ግን ጉልበቴ አይችልም።

ዓምና የሄደው አባል፦ እትዬ፣ አለ! ራሱ ነው። መራመድም የለብዎትም። በኩሬዎቹ ዙሪያ 12 ማይል የሚሆን የመኪና መንገድ አለ፣ ከመስኮት ማየት ይቻላል። ባሕሩ ሲሞላ ወፎቹ ጭቃውን ትተው ወደ ኩሬዎቹ ይገባሉ። የምንደርሰው ያን ሰዓት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ቫን የሚነዳው፦ ሜሞሪያል ዴይ የግንቦት መጨረሻ ሰኞ ስለሆነ፣ ከበዓሉ ቅዳሜ አንድ ሳምንት ቀድሞ ያለው ቅዳሜ ይሁን። በበዓሉ ቅዳሜ ቤይ ብሪጅን መሻገር ማለት ግማሽ ቀን ድልድይ ላይ መዋል ነው። ንጋት 11 ሰዓት እንነሳ፤ በሐበሻ ሰዓት ነው የምለው፣ አደራ።

ከወጣቶቹ አንዱ፦ ስፒከርና ድሮን ላምጣ? ከላይ ብንቀርጸው አሪፍ ይሆናል።

ዓምና የሄደው አባል፦ ወንድሜ፣ ድሮን እዚያ ክልክል ነው። ስፒከሩም ይቅር። አንድ ጊዜ በደነገጡ ቁጥር ተነስተው ሲበሩ፣ የለቀሙትን ስብ ያቃጥላሉ። ካሜራህን ግን በደንብ አድርገህ አምጣ። ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ወርደን ሚስፒሊየን ወደብ እንሄዳለን፣ ከሩቅ ነው የምናየው። ማዕበል ገልብጦት በጀርባው የቀረ ሆርስሹ ክራብ ካገኘን ልጆቹ ይገልብጡት። ቅርፊቱን ከጎን ይዘው እንጂ ጭራውን ጎትተው አይደለም። ወፍ በሌለበት ጥግ ብቻ።

ገንዘብ ያዡ፦ ለ20 ሰው 20 ባይኖኩላር አንችልም። ስድስት እንዋስና አንድ ባለ እግር ቴሌስኮፕ እንከራይ። ወፎቹ ሩቅ ስለሆኑ ለቴሌስኮፑ የሚወጣውን ገንዘብ እደግፋለሁ። ከቫኑ ኪራይ ጋር ደምሬ ነገ አመጣለሁ።

ሰብሳቢዋ፦ እሺ፣ ሐምሌን ሰርዣለሁ። አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ከሜሞሪያል ዴይ ቅዳሜ አንድ ሳምንት ቀድሞ ባለው ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት መነሻ። ጠዋት ቦምቤይ ሁክ፣ ከሰዓት ሚስፒሊየን። የባሕሩ ሙላት ከቀኑ ጋር ካልገጠመ በሳምንቱ አጋማሽ ሌላ ቀን ይመረጣል። ሙዚቃና ድሮን የለም። ልጆች ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ወላጆች አስቀድመው ይነገራቸዋል።» እትዬ፣ እዚያ እሳት ማንደድ ስለማይቻል ቡናው ቤት ፈልቶ ይምጣ። ሦስት ትልልቅ ፔርሙስ ያስፈልገናል። አንዱ እኔ ጋ አለ፤ ሁለቱን ማን ያመጣል?