የተዘጋውን ጊዜ በምን ልመዝነው?

የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። የአንዲት ረዳት ፕሮፌሰር የማዕረግ እድገት ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በመጋቢት 2012 ዩኒቨርሲቲዎች በኮቪድ ሲዘጉ የላብራቶሪ ሥራዋ ተቋረጠ፤ ናሙናዎቿም ተበላሹ። እሷ ግን የተመራቂዎቿን ጽሑፍ በቴሌግራም ስታርም ከረመች። ኢንተርኔት ለሌላቸው ትደውል ነበር፣ በራሷ ካርድ። ይሄ ነጥብ የለውም። የሚቆጠረው የታተመ ጥናትና የተማሪ፣ የባልደረባ፣ የኃላፊ ግምገማ ነው። የዚያ ሴሚስተር የተማሪ ግምገማ ደግሞ ጭራሽ አልተሞላም።

የቀደሙትን ሴሚስተሮች አማካይ እንውሰድ ብዬ ለኮሚቴው አቀረብኩ። «ለሌሎቹስ?» አሉኝ፤ ልክ ናቸው። ማብራሪያ አስጻፍኳት፣ ቅጹ ላይ ግን ቦታ የለውም። ለእሷ አድልቼ ሌላውን መበደል አልፈልግም።

የተዘጋውን ጊዜ ከቆጠራ አውጥታችሁ ለሁሉም እኩል የሚሠራ መመዘኛ ያዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ እንዴት አድርጋችሁ ጻፋችሁት?