ክርክር፦ ለአዲስ አበባ እሳት አደጋ የሚቀድመው መሰላል ነው ወይስ ውሃ?

አወያይ፦ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት ለሰዓታት ከነደደ ወዲህ ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ እየተነሳ ነው። የከተማው እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ተጨማሪ ገንዘብ ቢያገኝ በምን ላይ ያውለው? አንዳንዱ ከተማዋ ወደ ላይ እያደገች ስለሆነ ባለ መሰላል መኪና ይገዛ ይላል። ሌላው ሃይድራንት (የእሳት አደጋ ቱቦ የሚገጠምበት የመንገድ ዳር የውሃ መክፈቻ) እና ትንንሽ ጣቢያ ይቅደም ባይ ነው። ሙያው ያላችሁ በቁጥርና በአሠራር አስረዱ።

ታደሰ፦ ውሃ ይቅደም። ሒሳቡን ልሥራው። 10,000 ሊትር የያዘ መኪና ደርሶ ሁለት ባለ 70 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቢዘረጋ እያንዳንዱ በደቂቃ ወደ 1,000 ሊትር ይወስዳል። በ5 ደቂቃ ባዶ ነው። ከዚያ ሊሞላ ይሄዳል። መሙያው በደቂቃ 1,000 ሊትር ቢሰጥ 10 ደቂቃ፣ መሄጃው 15፣ መመለሻው 15፣ ማራገፊያው 5፤ አንድ ዙር 45 ደቂቃ ፈጀ። 10,000ን ለ45 አካፍሉት፤ አንድ ቦቴ በአማካይ የሚያቀርበው በደቂቃ 220 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ ቱቦዎች እንዳይቋረጡ 9 ቦቴ በዙር መመላለስ አለበት። 50 ሜትር ላይ በደቂቃ 1,000 ሊትር የሚሰጥ አንድ ሃይድራንት ቢኖር ግን ከአራት ቦቴ በላይ ይተካል። ነዳጅ አይፈልግ፣ ሾፌር አይፈልግ፣ መንገድ አይዘጋ።

ውሃ ሲቋረጥ የሚባክነው ጊዜ ብቻም አይደለም። የቀዘቀዘው ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይግላል። ውስጥ የገባው ቡድን የቱቦው መርጫ አፍ (ኖዝሉ) እጁ ላይ ከደረቀ ደግሞ አደጋው በራሱ ሕይወት ላይ ነው።

ጋሽ መኮንን፦ ታደሰ፣ ሒሳብህ ልክ ነው፤ ግን ያሰላኸው ለዕቃ ነው። የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ግዴታ ሰው ማውጣት ነው። ቦሌን፣ ሃያ ሁለትን፣ መገናኛን ተመልከት። 8 እና 10 ፎቅ ሆነው መወጣጫ ደረጃቸው አንድ ብቻ የሆነ ሕንፃዎች አሉ። ደረጃው እሳትና ጭስ የሚከለክል በር ከሌለው፣ ምድር ቤት የተነሳ ጭስ በደቂቃዎች ውስጥ እስከ ላይ ይሞላዋል። ፊት ለፊቱ ደግሞ የማይከፈት መስታወት ነው። 6ኛ ፎቅ ላይ የቀረ ሰው መውጫው መስኮት ብቻ ይሆናል፤ የእጅ መሰላል ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ብዙ አይረዳም። ባለ መሰላሉ መኪና ሰው ካወረደ በኋላም ከላይ ሆኖ በደቂቃ 2,000 ሊትር ያህል ይረጫል። እሱን ተራ ቁጥር ሁለት ላይ ማስቀመጥ ትልቅ ስህተት ነው።

ራሄል፦ ጋሽ መኮንን፣ ሰው ይቅደም በሚለው አልከራከርዎትም። የምከራከረው መሰላሉ በሚደርስበት ቦታ ነው። «30 ሜትር መሰላል» ሲባል ብዙ ሰው 10ኛ ፎቅ የሚደርስ ይመስለዋል። በጀርመን መስፈርት የታወቀው ዓይነት 23-12 ይባላል፤ ከሕንፃው 12 ሜትር ርቆ ሲቆም 23 ሜትር ከፍታ ይደርሳል ማለት ነው። ያ 7ኛ ፎቅ አካባቢ ነው። መኪናው ቶሎ ቶሎ ቦታ አይቀያይርም፤ የሚቆምበት መሬት ጠንካራ፣ እግሮቹን የሚዘረጋበት ስፋትም 5 ሜትር ገደማ መሆን አለበት። አጥር፣ የቆመ መኪና፣ የተቆፈረ ቦይ ካለ አበቃ። በየመንገዱ ዳር የተዘረጋውን 15 ኪሎ ቮልት መስመርም አስቡት፤ መብራት ኃይል መስመሩን ማቋረጡን በሬዲዮ ሳያረጋግጡ መሰላል ማንሳት ሠራተኛ መግደል ነው።

ከዚያ በላይ ላሉት ሕንፃዎች ደግሞ መልሱ ከመንገድ አይመጣም። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው። ውሃ 10 ሜትር በወጣ ቁጥር 1 ባር ግፊት ስለሚያጣ ጫፉ ላይ ለማድረስ ብቻ 21 ባር ያስፈልጋል፤ ኖዝሉ የሚሠራበት ከ4 እስከ 7 ባር ሳይጨመር። የተለመደው የእሳት አደጋ መኪና ፓምፕ የሚሠራው 10 ባር ላይ ነው። ስለዚህ ረጅም ሕንፃ የራሱ ፓምፕ፣ የራሱ ታንከርና በየፎቁ መክፈቻ ያለው ቋሚ ቧንቧ ሊኖረው ግድ ነው። የሚበላሸውም በሚታወቅ ቦታ ነው፦ የዲዝል ፓምፑ ባትሪ ሞቷል፣ ዋናው ቫልቭ ለጥገና ተዘግቶ ሳይከፈት ቀርቷል፣ የቱቦው ሳጥን የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል፣ የናሱ መክፈቻ ተፈትቶ ተሽጧል፣ ከመንገድ ውሃ የሚገባበት አፍ ፊት መኪና ቆሟል። ፓምፑን በሳምንት አንድ ቀን አስነስቶ ግፊቱን መመዝገብ ከየትኛውም መሰላል በላይ ሰው ያድናል። ለመሰላል የሚመደበው ገንዘብ ለተቆጣጣሪ ባለሙያዎች ቢውል እመርጣለሁ።

ጋሽ መኮንን፦ እስከ 7ኛ ፎቅ ይደርሳል ብለሻል፤ ይበቃኛል። የከተማው ሕንፃ አብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ኮንዶሚኒየሙ ብዙው አራት ፎቅ ነው፣ ግቢው ውስጥም ቦታ አለ። ቁጥጥሩ ይጠናከር፣ ደስ ይለኛል፤ ግን ቁጥጥር ዛሬ ማታ መስኮት ላይ የቆመን ሰው አያወርድም።

ሰሚራ፦ ሁለታችሁም ስለ ሰፊ መንገድ እያወራችሁ ነው። መርካቶ ውስጥ ብዙ ተራ ላይ ትልቁ መኪና ጨርሶ አይገባም። ሱቁ ከምሽቱ ጀምሮ ከውጭ በብረት መዝጊያና በቁልፍ ይዘጋል፤ እሳቱ የሚታየው በጣሪያ ጠርዝ ጭስ ሲወጣ ነው። ያኔ ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተያይዟል። ክፍል ውስጥ የተነሳ እሳት ወለል እስከ ጣሪያ ለመያያዝ 5 ደቂቃ ላይፈጅበት ይችላል። በሱቅና በሱቅ መካከል ያለው ቺፕውድ ወይም ቆርቆሮ ነው፣ ጣሪያው ሥር ያለው ባዶ ቦታ አንድ ላይ የተገናኘ ነው፤ እሳቱ ከላይ ሮጦ አራተኛው ሱቅ ላይ ይወርዳል።

ጥቅል ጨርቅ ደግሞ የራሱ ባሕርይ አለው። ውጪውን ውሃ ስታጠጣው ይጠፋል፣ ውስጡ ግን ሲጨስ ያድራል፤ ከሰዓታት በኋላ ይነሳል። ጥቅሉን በሜንጦ ጎትቶ፣ ከፍቶ፣ ነጣጥሎ ማጠጣት ያስፈልጋል። ውሃው ወደ ውስጥ እንዲሰርግ የሚያደርገው ፈሳሽ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ቢቀላቀል የሚፈጀው ውሃ በጣም ይቀንሳል። ይህን የሚሠራው ብዙ እጅ እንጂ ረጅም መሰላል አይደለም። እኔ የምጠይቀው፦ በየተራው ጠባብ መንገድ የምትገባ ትንሽ ፒክአፕ፣ 500 ሊትር ውሃ፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ፣ የብረት መቁረጫ፣ አራት ሰው፣ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው። የጥበቃ ሠራተኞችም የተራውን መብራት ከየት እንደሚያጠፉ ይወቁ። ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ ውሃ መርጨት አይቻልምና የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚባክኑት መብራት ኃይልን በመጠበቅ ነው።

አቤል፦ ሰሚራ የምትይው ትንሿ መኪና 500 ሊትሯ በአንድ ባለ 45 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከአንድ ደቂቃ ከምናምን በላይ አይቆይም። ከጀርባዋ ውሃ ከሌለ እሷም ዋጋ የላትም፤ ስለዚህ ወደ ታደሰ ነጥብ ተመለስን። ግን ታደሰ፣ ሃይድራንት ተከልን ማለት ውሃ አገኘን ማለት አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ሃይድራንቱም በፈረቃ ነው። መስመሩም መታየት አለበት። በደቂቃ 1,000 ሊትር በ80 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ለማሳለፍ ውሃው በሰከንድ ከ3 ሜትር በላይ መሮጥ አለበት፤ ግፊቱ መንገድ ላይ ያልቃል። በ150 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ግን በሰከንድ 1 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከ150 በታች በሆነና ጫፉ በተዘጋ መስመር ላይ ሃይድራንት መትከል ለሪፖርት እንጂ ለእሳት አይሆንም።

ለመርካቶ የሚሻለው የመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያ ነው። 100 ሜትር ኩብ ቢሆን በደቂቃ 2,000 ሊትር እየተሳበ 50 ደቂቃ ያስኬዳል፤ ፈረቃው ሲመጣ ራሱ ይሞላል። የኮሪደር ልማቱ መንገድ በሚቆፍርበት ጊዜ ይህ አብሮ ካልተቀበረ በኋላ አዲስ አስፋልት መስበር ሊመጣ ነው።

ታደሰ፦ ማጠራቀሚያው ጥሩ ነው፣ ግን ጥልቀቱን ተጠንቀቁ። በባሕር ጠለል ላይ ፓምፕ ከ7 ሜትር ጥልቀት ሊስብ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ውሃን ከፍ ሊያደርግ የሚችለው በወረቀት እንኳ ወደ 7.7 ሜትር ነው፣ በሥራ ላይ ከ5 ሜትር ብዙም አያልፍም። የማጠራቀሚያው ወለል ከመንገዱ 4 ሜትር በታች ባይወርድ ጥሩ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። የፓምፕ ግዢ ሰነድ ላይ «በ2,400 ሜትር ከፍታ ይህን ያህል ሊትር» ተብሎ ካልተጻፈ፣ ካታሎጉ ላይ ያለውን ቁጥር ገዝተን ሩቡን ያጣነው እኛ ነን።

ሌላው የመጋጠሚያ ጉዳይ ነው። ከተለያየ አገር የተገዛና በእርዳታ የመጣ መኪና የተለያየ የቱቦ አፍ አለው፤ አንዱ የጀርመን ስቶርዝ፣ አንዱ የእንግሊዝ ወንዴና ሴቴ፣ ሌላው ጥርስ ያለው። እሳት ቦታ ላይ ሁለት መኪና ተገናኝተው ውሃ መቀባበል ካልቻሉ አምስት መኪና ማለት አምስት ብቸኛ መኪና ማለት ነው። አዲስ ሃይድራንት ከመተከሉ በፊት አንድ ዓይነት አፍ ይወሰን፣ እስከዚያው እያንዳንዱ መኪና ላይ አገናኝ ይቀመጥ። ወጪው ከሁሉም ትንሹ ነው።

ራሄል፦ ጣቢያ ላይ ማንም አልተናገረም። በሰፊው የሚጠቀስ የአሜሪካ መስፈርት ጥሪው ጣቢያ ከደረሰ እስከ መንቀሳቀስ 80 ሰከንድ፣ ለመንገድ 4 ደቂቃ ይሰጣል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 4 ደቂቃ ማለት 2 ኪሎ ሜትር ነው። 2 ኪሎ ሜትር ዙሪያው የሚሸፍነው ወደ 12.5 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ ከተማዋ ከ500 በላይ ናት። ከ40 በላይ ጣቢያ ይጠይቃል፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው ብንል እንኳ። ሁሉም አንድ ጊዜ አይሠራም፤ በአዲስ ከተማ፣ በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ ይጀመር። ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥና ማደሪያ ይበቃል።

ጋሽ መኮንን፦ ጣቢያ ሕንፃ ሳይሆን ሰው ነው፣ ልጄ። አንድ መኪና ላይ ሁልጊዜ 5 ሰው እንዲገኝ፣ 24 ሰዓት ሠርቶ 48 የሚያርፍ ፈረቃ ካለ 15 ሰው ያስፈልጋል፤ ፈቃድ፣ ሕመምና ሥልጠና ሲታሰብ 18 ወይም 20። 40 ጣቢያ ማለት 800 ሰው ነው፣ ለአንድ አንድ መኪና ብቻ። ለእያንዳንዱም የመተንፈሻ መሣሪያ። 6.8 ሊትር ሲሊንደር በ300 ባር ሲሞላ ወደ 2,000 ሊትር አየር ይይዛል፤ በከባድ ሥራ በደቂቃ 60 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይቆያል፣ 55 ባር ላይ ፊሽካው ሲጮህ ደግሞ ከውጭ መገኘት አለበት። ሲሊንደሩን ቦታው ላይ የሚሞላ ኮምፕረሰር ከሌለ ሁለተኛ ዙር መግባት የለም። ክረምት ሲመጣ ይኸው ሰው ነው ጎርፍና ወንዝ ውስጥ የሚገባው። ደመወዝ በየወሩ ነው፣ መሰላል አንድ ጊዜ ነው።

አቤል፦ መሰላልም አንድ ጊዜ አይደለም፣ ጋሼ። በየዓመቱ ክብደት ተጭኖበት መፈተሽ፣ የሃይድሮሊክ ዘይትና ገመድ መቀየር አለበት፤ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው። አንድ ሴንሰር ሲበላሽ መኪናው ለደህንነት ሲል መሰላሉን ከማንሳት ራሱን ያግዳል፤ ለወራት ይቆማል።

ሰሚራ፦ ስለ እሳት አደጋ ጥሪ ቁጥሩ 939 አንድ ነገር ይጨመር። ነፃ መስመሩን የሚያውቀው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ችግሩ አድራሻ ነው። ደዋዩ «ከታክሲ ተራው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ» ይላል፣ መኪናው ደግሞ ሌላ መግቢያ ይመርጣል። በየተራው መግቢያ ላይ ትልቅ ቁጥር ይጻፍ፣ ጥሪ ተቀባዩ ፊት ያለው ካርታ ላይም ያው ቁጥር፣ የመግቢያው ስፋትና ቅርቡ ውሃ ይኑር። ይህ መሰላልም ሃይድራንትም ሳይጠብቅ ሊሠራ ይችላል።

ጋሽ መኮንን፦ በዚህ እስማማለሁ። መሰላሉን ግን አልተውም፤ ለመላው ከተማ ሁለት የሚሠሩ ይኑሩ፣ አንዱ ወደ ቦሌ፣ አንዱ ወደ መሀል። ከዚያ የተረፈው ውሃ ላይ ይዋል።

ታደሰ፦ እኔ በተቃራኒው፤ መጀመሪያ ውሃው፣ የተረፈው ለመሰላል። አንድ ጥያቄ ግን ለአቤል፦ ሃይድራንቱን የሚፈትሸው ማን ይሁን፣ ውሃና ፍሳሽ ወይስ እሳት አደጋ?

አቤል፦ ቧንቧው የውሃና ፍሳሽ ነው፣ ፍተሻው የእሳት አደጋ ይሁን። በዓመት ሁለት ጊዜ ተከፍቶ፣ ፍሰቱ በመለኪያ ተወስዶ፣ ውጤቱ ክዳኑ ላይ በቀለም ይጻፍ። በደቂቃ ከ500 ሊትር በታች የሰጠው ቀይ ይቀባ፤ አሽከርካሪው ቀዩ ላይ ቱቦ በማገናኘት ጊዜ አያባክንም። የተበላሸውን በ30 ቀን ውስጥ የመጠገን ግዴታ ደግሞ የውሃና ፍሳሽ ነው።