ክርክር፦ ላንድ ክሩዘር 70፣ ሃይሉክስና ጂምኒ በአንዳንድ አገር የማይሸጡት ለደኅንነት ነው ወይስ ለገበያ ጥበቃ?

ባለ ሻንሲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳይቋጭ የቀረውን ክርክር ለብቻው ላውጣው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ላንድ ክሩዘር 70 ከ1984 ጀምሮ ይመረታል፤ ቶዮታ ግን አሜሪካ ውስጥ በይፋ ሸጦት አያውቅም። የቶዮታ ፒካፕ ሃይሉክስ በ1995 ከዚያው ገበያ ወጣ። አዲሱ የሱዙኪ ጂምኒ አውሮፓ በገባ በሁለት ዓመት ገደማ ከመንገደኛ መኪና ዝርዝር ተነሣ። የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ደኅንነት የሚሉት ሽፋን ነው፣ ዋናው የአገር ውስጥ አምራችን መጠበቅ ነው። የሚቃወም ማስረጃ ይዞ ይምጣ።

ቀረጥ ቆጣሪ፦
ለፒካፕ ከሆነ ካንተ ጋር ነኝ። ነገሩ የጀመረው በዶሮ ነው። በ1962 የአውሮፓ የጋራ ገበያ የአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ጨመረ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በዲሴምበር 1963 አጸፋውን ፈረሙ፤ ድንች ስታርች፣ ዴክስትሪን፣ ብራንዲና የጭነት መኪና ላይ። የጭነት መኪናው 25 በመቶ ነበር፣ የታለመውም የቮልክስዋገን ቫን ነው። ሌሎቹ ቀረጦች ተነሡ፣ ይሄኛው ከ60 ዓመት በላይ ቆየ። በአንጻሩ የመንገደኛ መኪና በ2025 ተጨማሪ ቀረጥ እስኪመጣበት ድረስ የሚከፍለው 2.5 በመቶ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ድብብቆሽ ነው። የጃፓን ፒካፖች ጋቢናና ሻንሲ ብቻ ሆነው በ4 በመቶ ይገቡና ካሶኒው እዚያ ይገጠምላቸው ነበር፤ ጉምሩክ ይህን በ1980 ዘጋው። ሱባሩ ብራት የተባለው ትንሽ ፒካፕ ካሶኒው ላይ ወደ ኋላ የዞሩ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ተበየዱለትና የመንገደኛ መኪና ተባለ። ፎርድ ደግሞ ትራንዚት ኮኔክትን ከቱርክ የኋላ ወንበርና መስኮት አድርጎ አስገባ፣ ወደቡን ካለፈ በኋላ ወንበሩን ነቅሎ የዕቃ ቫን አድርጎ ሸጠ። ጉምሩክ በ2013 ያዘው፣ በ2019 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለጉምሩክ ፈረደ፣ በ2024 ፎርድ 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የአገር ውስጥ አምራች ይጠብቃል የተባለው ቀረጥ የአገሩን አምራች ነከሰ ማለት ነው።

ቁልፍ 14፦
እዚህ ላይ ልያዛችሁ። ከ70 ቤተሰብ ውስጥ 76 ባለ አራት በር ዋገን ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ቢገባ 2.5 በመቶ ከፍሎ ያልፍ ነበር። ታዲያ ለምን አልገባም? ዶሮዋ እዚህ ቦታ የላትም።

ያስቀረው የፌዴራል የደኅንነት መስፈርት ነው። ብዙ ሰው የአሜሪካ መንግሥት መኪናውን መርምሮ ማኅተም የሚሰጥ ይመስለዋል። እንደዚያ የሚሠራው አውሮፓ ነው፤ መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ሽያጭ። አሜሪካ አምራቹ ራሱ "መስፈርቱን አሟልቷል" ብሎ ይፈርማል፤ መንግሥት ከገበያ ገዝቶ ይፈትሻል፣ ካላሟላ አምራቹ ሁሉንም ጠርቶ በራሱ ወጪ ያስተካክላል። ስለዚህ አምራቹ እርግጠኛ ያልሆነበትን መኪና አያመጣም።

ከፈተናዎቹ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፣ የጣሪያውን። የብረት ሰሌዳ በፊት መስታወቱ ማዕዘን በኩል ጣሪያውን ይጫነዋል። ከፍተኛ ክብደቱ እስከ 2,722 ኪሎ የሆነ መኪና የራሱን ባዶ ክብደት 3 እጥፍ፣ ከዚያ በላይ እስከ 4,536 ኪሎ ያለው 1.5 እጥፍ መሸከም አለበት፤ ያውም ሰሌዳው 127 ሚሊ ሜትር ሳይወርድ፣ አንዱ ጎን ካለቀ በኋላ ሌላው ጎን ይደገማል። 70 የሚመደበው ሁለተኛው ምድብ ውስጥ ነው። በዚህ ላይ በ56 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከግድግዳ ጋር የፊት ግጭት፣ ለሁለቱም የፊት ወንበር ኤርባግ፣ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ የመንሸራተት መቆጣጠሪያ፣ ከሜይ 2018 ጀምሮ የኋላ ካሜራ አለ። ሻንሲው ጠንካራ ነው ማለት ውስጥ ያለው ሰው ይተርፋል ማለት አይደለም። ፊቱ የማይጨማደድ ሻንሲ ግጭቱን በቀጥታ ለሰውየው ደረት ያስረክበዋል።

የድሮው ላንድ ሮቨር ዲፌንደር የሄደበት መንገድ ይኸው ነው። አሜሪካ ከ1993 እስከ 1997 ተሸጠ፤ የሁለቱ ወገን ኤርባግና የጎን ግጭት ፈተና ለቀላል ጭነት መኪኖችም ግዴታ ሊሆን ሲቃረብ ዳሽቦርዱንና በሩን እንደገና ከመሥራት መውጣት ረከሰ።

ናፍጣ ሽታ፦
ቁልፍ 14 ከተናገረው ባልተናነሰ ሞተሩም አለ። ለአፍሪካና ለእርዳታ ድርጅቶች የሚሄደው 70 ብዙ ጊዜ 1ኤችዜድ ነው፤ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ፖምፓው ሜካኒካል። የሚወደደው ኮምፒውተር ስለማይፈልግ ነው፤ የሚታገደውም በዚያው ነው።

ቁጥሩን ተመልከቱ። አውሮፓ ዩሮ 5 በተባለው የጭስ ደንብ ዘመን ለናፍጣ የመንገደኛ መኪና በኪሎ ሜትር 180 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይፈቅድ ነበር፣ ዩሮ 6 ወደ 80 አወረደው። አሜሪካ ግን በዚያው በዩሮ 5 ዘመን መለኪያዋ በማይል 70 ነበር፤ በኪሎ ሜትር 43 ገደማ ማለት ነው፣ ለናፍጣም ለቤንዚንም አንድ ዓይነት። አውሮፓ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ናፍጣ እንኳ እዚያ ይወድቅ ነበር። እዚህ ለመድረስ ኮመን ሬይል (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ከፍተኛ ግፊት ያለው የናፍጣ መርጫ)፣ የቀዘቀዘ የጭስ መልስ (ከጭሱ ከፊሉን አቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ የሚመልስ)፣ የጥላሸት ማጣሪያ፣ በዩሪያ የሚሠራ ካታሊስት (ናይትሮጅን ኦክሳይዱን የሚቀንስ) ያስፈልጋል። ዩሪያው 32.5 በመቶ ቅልቅል ነው፣ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ይረጋል፣ ስለዚህ ጋኑ ማሞቂያ ይፈልጋል።

የሚረሳው ግን ተቃራኒው ነው። ይኸው ንጹሕ ሞተር ድኝ የበዛበት ናፍጣ ያለበት አገር ቢሄድ ይሞታል። አውሮፓ ናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ ቢበዛ ከሚሊዮን 10 እጅ፣ አሜሪካ 15 እጅ ነው። ድኙ ሲበዛ ካታሊስቱ ይመረዛል፣ የጭስ መልሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሲድ ይጤዛል፣ ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ ይሞላል። ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት ወደ 600 ዲግሪ አሙቆ ያቃጥላል፤ አመዱ ግን አይቃጠልም፣ እዚያው ይቀራል። በአጭር ርቀት ብቻ የሚነዳ መኪና ደግሞ ማርሚታው እስከዚያ ስለማይሞቅ መብራት አብርቶ ጉልበቱን ይቀንሳል። ስለዚህ እገዳው አንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። የድሮው ወዲያ አይሄድም፣ አዲሱ ወዲህ አይመጣም።

"ገበያ ጥበቃ ነው" ለሚለው ደግሞ፣ 70 በገዛ አገሩ በጃፓን ከ2004 እስከ 2014 አልተሸጠም። ጃፓን ቶዮታን ከማን ልትጠብቅ ነው?

ባለ ሻንሲ፦
የጃፓኑ ጥሩ ምት ነው፣ እቀበላለሁ። አውስትራሊያስ? የግጭት መስፈርቷ ከአውሮፓ ጋር ይመሳሰላል፣ 70 ግን እንደ ልቡ ይሸጣል። መኪናው አንድ ነው። እዚያ ሰው አጥንቱ ብረት ነው?

ቀኝ መሪ፦
ዋናውን ነካኸው። አውስትራሊያ በ2022 ለቀላል ጭነት መኪኖች የጎን ምሰሶ ፈተና ልታስገድድ ነበር። 254 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ምሰሶ፣ በ32 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በ75 ዲግሪ ማዕዘን፣ በሹፌሩ ጭንቅላት ትክክል። 70 ደግሞ ይህን ለማለፍ ጎኑ እንደገና መሠራት ነበረበት።

ቶዮታ ምን አደረገ? የተፈቀደውን ጠቅላላ ክብደት በሁሉም ሞዴል ወደ 3,510 ኪሎ ከፍ አደረገ። ዋገኑ 76 ከዚያ በፊት 3,060 ነበር። ወሰኑ 3,500 ነው፤ ከዚያ ያለፈ መካከለኛ የጭነት መኪና ይባላል፣ የምሰሶው ፈተናም አይነካውም። 10 ኪሎ አዳነችው። ለፍትሕ ያህል ግን፣ ባለ አንድ ጋቢናው ፒካፕ 79 በ2016 ሻንሲው ተጠናክሮ፣ አምስት ኤርባግ ተጨምሮለት በአገሩ የግጭት ፈተና አምስት ኮከብ አግኝቷል። ይህ ኮከብ ለሌሎቹ አካሎች አይሠራም፤ ሻጭ "70 አምስት ኮከብ ነው" ቢል የትኛው እንደሆነ ጠይቁት።

ቀረጥ ቆጣሪ፦
እንግዲህ ነገሩ ይገለጣል። ወንበር ሲገባ አንድ ምድብ፣ ወንበር ሲወጣ ሌላ፣ 10 ኪሎ ሲጨመር ሌላ። የሚታገደው መኪናው ሳይሆን የተጻፈበት የመዝገብ ዓምድ ነው።

ሰከን በሉ፦
ጂምኒን ማንም አልነካውም፣ እኔ ልንካው። አሜሪካ የሌለበት ምክንያት አጭር ነው፤ ሱዙኪ በ2012 መኪና መሸጥ አቁሞ ከአገሩ ወጣ። አውሮፓ ግን የካርቦን ሒሳብ ነው፣ ሒሳቡም ቀላል መኪናን ይጎዳል።

በ2020 ዒላማው በኪሎ ሜትር 95 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፣ ግን በክብደት ይስተካከላል። መነሻው 1,379.88 ኪሎ፣ መባዣው 0.0333። ጂምኒ 1,135 ኪሎ ገደማ ነው እንበል። ልዩነቱ 245፣ በ0.0333 ሲባዛ 8 ግራም ያህል። ዒላማው ከ95 ወደ 87 ይወርዳል። ባለ እጅ ካምቢዮው በድሮው መለኪያ የሚያወጣው 154 ነው። ትርፉ 67 ግራም፣ ቅጣቱ በግራም 95 ዩሮ፤ 6,365 ዩሮ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ዒላማው ከፍ ይልለታል፣ ትንሹ ጂምኒ ይቀጣል። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ቀረጥ ቆጣሪ፦
ሒሳብህ ልክ ነው፣ አነጋገርህ ግን ያሳስታል። ቅጣቱ በአንድ መኪና ላይ አይጻፍም፣ በአምራቹ የዓመት አማካይ ላይ ነው። ብዙ ባትሪ መኪና የሚሸጥ አምራች ጂምኒን ደብቆ ማሳለፍ ይችላል። ከሌላ አምራች ጋር ሒሳብ ማጣመርም ይፈቀዳል፣ አነስተኛ አምራቾች ልዩ ዒላማ የሚጠይቁበት በርም ነበር። የ6,365 ዩሮው ትርጉም "አንድ ጂምኒ ስትጨምር አማካይህን ይህን ያህል ትጎትተዋለህ" ነው።

መልሱም ያው ዓምድ መቀየር ሆነ። የኋላ ወንበሩ ተነቀለ፣ ወለሉ ተደለደለ፣ ከሹፌሩ ኋላ የብረት ፍርግርግ ተገጠመ፣ 863 ሊትር የዕቃ ቦታ ተጻፈለት፤ ጂምኒ የጭነት መኪና ሆኖ ተመለሰ። የጭነት መኪና የካርቦን መዝገቡ ለብቻ ነው። ሞተሩና ጭሱ ያው ነው።

ቁልፍ 14፦
ሁሉን በምድብ ጨዋታ አትጠቅልሉት። ኢኒዮስ ግሬናዲየርን እዩት። መሰላል ሻንሲ፣ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል፣ ሣጥን የመሰለ አካል፣ ፈረንሳይ ሃምባክ የሚገጣጠም። ከ2023 ጀምሮ አሜሪካ ይሸጣል። ለምን ቻለ? ከመጀመሪያው መስፈርቱ ታስቦ ስለተሠራ፣ ሞተሩም ከቢኤምደብሊው የተወሰደ ባለ 3 ሊትር ስለሆነ። እዚያ የገባው ቤንዚኑ ብቻ ነው፤ ናፍጣው ቀርቷል። የፒካፑ ወንድሙ ኳርተርማስተር ደግሞ 25 በመቶው ደጃፍ ላይ ቆሞ ስለሚጠብቀው አብሮት አልገባም። ከአንድ ፋብሪካ ሦስት መልስ፦ ዋገን ቤንዚን ይገባል፣ ናፍጣ በጭስ ይቀራል፣ ፒካፕ በቀረጥ ይቀራል። ስለዚህ ባለ ሻንሲ፣ "ጠንካራ ስለሆነ ከለከሉት" የሚለው አይሠራም።

ባለ ሻንሲ፦
እሺ፣ "ሽፋን ነው" ያልኩትን ለዋገኑ እመልሳለሁ፣ ለፒካፑ ግን አልለቅም። ጂፕ መሳዩ የሕንዱ ማሂንድራ ሮክሰርስ? እሱን ያስቆመው ጭስም ግጭትም አይደለም።

ቀረጥ ቆጣሪ፦
እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሮክሰር ሲጀመርም ለመንገድ አልተፈቀደም፤ ኤርባግ የለውም፣ ለእርሻና ለጫካ ብቻ ተብሎ ነው የተሸጠው። በጁን 2020 የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን የጂፕን መልክ ይቀዳል ብሎ ከለከለው፤ ፊቱ ተቀይሮ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ተፈቀደለት። ይህ የመልክ ባለቤትነት ክርክር እንጂ የቀረጥ አይደለም።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጠይቅ። 25 ዓመት የሞላው መኪና አሜሪካ ይገባል ይባላል። ማንኛውም ነው? ዕድሜው ያልሞላስ?

ቁልፍ 14፦
ዕድሜው ካልሞላ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። መኪናው መጀመሪያ የተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት፣ የሚያስገባውም የተመዘገበ አስመጪ ብቻ ነው፤ የዋጋውን 150 በመቶ ዋስትና አስይዞ በ120 ቀን ውስጥ መስፈርቱን ያሟላለታል። እዚያ የሚሸጥ አቻ ሞዴል የሌለው እንደ 70 ያለ መኪና ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት መስተካከል እንደሚችል በፈተና ማሳየት ስላለበት ማንም አይሞክረውም።

ለሞላው ቅጾቹ ሁለት ናቸው። የደኅንነቱ ኤችኤስ-7 ነው፤ ሣጥን 1 ላይ ምልክት ይደረጋል፣ 25 ዓመቱ የሚቆጠረው ከተመረተበት ወር ነው እንጂ ከሞዴል ዓመቱ አይደለም። በአንድ ወር ቀድሞ ወደብ የደረሰ መኪና አይገባም። የጭሱ 3520-1 ነው፣ ኮድ ኢ፤ 21 ዓመት ይበቃዋል፣ ግን ሞተሩ ሲመረት እንደነበረው መሆን አለበት። ሞተር ተቀይሮበት ከሆነ እዚህ ይሰናከላል። ፒካፕ ከሆነ ዕድሜው ከ25 በመቶው አያድነውም። ካለፈም በኋላ ሰሌዳ የሚሰጠው ክፍለ ግዛቱ ነው፤ አንዳንዶቹ ትንንሾቹን የጃፓን ጭነት መኪኖች ይከለክላሉ።

ዲፌንደር ከሆነ በተለይ ተጠንቀቅ። አካሉ በብሎን የታሰረ አሉሚኒየም ነው፤ የአሮጌ መኪና የሻንሲ ቁጥር አዲሱ ላይ ማድረግ ቀላል ነው። በ2014 መንግሥት 40 ያህል ዲፌንደሮችን በዚህ ጥርጣሬ ወርሶ ነበር። ከመግዛትህ በፊት ቁጥሩን ከዳሽቦርዱ ሰሌዳ ላይ ብቻ አትመን። በቀኝ በኩል ከፊት፣ ከሞላው (ከስፕሪንጉ) መቀመጫ ቀደም ብሎ ሻንሲው ላይ ተመትቷል፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጽድተህ አንብብ፣ ዙሪያው የብየዳ ምልክት ካለው ተወው። ኮፈኑ መሃል ላይ ጉብ ያለና ከፊት መስታወቱ ሥር የሚከፈቱት የአየር በሮች የሌሉት ከሆነ የ2007ና ከዚያ ወዲህ አካል ነው። ሊብሬው 1990 ይላል፣ ኮፈኑ ጉብ ካለ አንዱ ዋሽቷል።