የዕቅድ ውይይት፦ ለቆሽት ካንሰር አንድ ወጥ የሲቲ ስካን አሠራር

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ደርሷችኋል። ርዕሱ «የቆሽት ካንሰርን በሲቲ ቀድሞ ማግኘት» ይላል። አስተያየታችሁን ጻፉ።

ራዲዮሎጂስት፦ እኔ ከርዕሱ ልጀምር። እንዲህ ከተባለ ጤነኛውን ሁሉ ሲቲ እናንሳ የምንል ይመስላል። ምልክትም የተለየ ስጋትም የሌለበትን ሰው ለዚህ መመርመር አይመከርም። በዘር የሚተላለፍ ስጋት ያለባቸው ደግሞ በዋናነት በኤምአርአይና በኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ከውስጥ የሚነሳ አልትራሳውንድ) ነው የሚከታተሉት። የኛ ሐሳብ የተጠረጠረውን ሰው በደንብ ስለማንሳት ቢሆን ይሻላል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ ልክ ነው። ግን ማን እንደሚጠረጠር ይጻፍልን። ዓይኑ ቢጫ የሆነውን ማንም አያልፈውም። ከ50 ዓመት በኋላ ድንገት ስኳር የያዘውና ክብደቱ የሚቀንሰው ሰው ነው የሚያመልጠን።

ራዲዮግራፈር፦ ማዘዣው ላይ «የሆድ ሲቲ» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ እኛ ምን እናድርግ? የተለመደውን አንድ ዙር አንስተን እንሸኛለን። ለቆሽት ሁለት ዙር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ኮንትራስቱ (በደም ስር የሚሰጠው ምስል አድማቂ) መሰጠት ከጀመረ ከ40 እስከ 50 ሰከንድ ውስጥ ነው። ያኔ ቆሽቱ ይደምቃል፣ ዕጢው ብዙ ጊዜ ደብዝዞ ይቀራል። ሁለተኛው 70 ሰከንድ ገደማ ላይ ነው፤ ጉበቱና ደም መልሶቹ የሚታዩት በዚህ ነው። የምስሉ ውፍረት ከ3 ሚሊሜትር አይብለጥ። የሚጠጣውም ነጩ ኮንትራስት ሳይሆን ውሃ ይሁን። እባካችሁ ማዘዣው ላይ «ለቆሽት» የምትል ቃል ትግባ።

ሰርጀን፦ በጣም ጥሩ። የኔ ጣጣ ሪፖርቱ ላይ ነው። «ቆሽት ላይ እብጠት አለ» ተብሎ ሲመጣልኝ ልቅደድ ወይስ አልቅደድ? እኔ የምፈልገው ዕጢው ከደም ስሮች ጋር ያለውን ነገር ነው። የላይኛውን የአንጀት ደም ቅዳ ካልነካ አንድ ነገር ነው። እስከ 180 ዲግሪ፣ ማለትም እስከ ዙሪያው ግማሽ፣ ከነካው በቀዶ ሕክምና የመውጣቱ ነገር ድንበር ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ኬሞ ይቀድማል። ከ180 ካለፈ በቢላ የሚጀመር ጉዳይ አይደለም። መጠኑን ብቻ መጻፍ አይበቃም። 2 ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ዕጢ ደም ቅዳውን ከነካች ነገሩ ሌላ ነው።

ራዲዮሎጂስት፦ እንግዲያው ቅጹን ከዜሮ አንፍጠረው። የአሜሪካ የቆሽት ማኅበርና የሆድ ራዲዮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 በጋራ ያወጡት የሪፖርት ቅጽ አለ፤ ከሱ እንነሳ። አንድ መስመር ግን ይጨመር። አንዳንድ ዕጢ ከቆሽቱ ጋር ተመሳስሎ በዓይን አይለይም። የቆሽቱ ቱቦ ድንገት ተቆርጦ ከኋላው ከሰፋ፣ ዕጢ ባይታይም «የለም» ተብሎ አይዘጋ።

ሰርጀን፦ ስቴንት (የተዘጋ ቱቦን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቧንቧ) እንዳትረሱ! ሰውዬው ቢጫ ሆነ ተብሎ መጀመሪያ የሐሞት ቱቦው ውስጥ ስቴንት ይገባል፣ ሲቲው ከዚያ ይነሳል። አካባቢው ተቆጥቶ፣ የስቴንቱ ብረትም አንጸባርቆ የዕጢው ድንበር ይጠፋል። አስቸኳይ ካልሆነ ሲቲው ይቅደም። ይሄ ነጥብ ለብቻው በደማቁ ይጻፍ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ ሲቲው ንጹሕ ቢልም የሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ወይም ጉበት ላይ ያለች ጥቃቅን ስርጭት ልታመልጠው ትችላለች። ይሄም ይግባ፤ ለታካሚው የምንናገረውን ይወስናል።

ሰብሳቢ፦ ተመዝግቧል። ርዕሱ «የተጠረጠረ የቆሽት ካንሰር የሲቲ አነሳስና ሪፖርት» ይሆናል። የማዘዣውን ክፍል የውስጥ ደዌ፣ የአነሳሱን ራዲዮግራፈሮች ይጻፉ። ከኬሞ በኋላ የሚነሳውን ሲቲ እናካትተው?

ራዲዮሎጂስት፦ ለአሁኑ ይቆየን። ከኬሞ በኋላ ጠባሳውንና ሕያው ዕጢውን በሲቲ መለየት ስለሚያስቸግር ራሱን የቻለ ክርክር አለው።

ሰርጀን፦ ይቆይ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት 4 ሳምንት ያለፈው ሲቲ ይደገም የሚለውን ግን አሁኑኑ አስገቡልኝ።