ለልጆች መጫወቻ በሚሠራ ሣጥን ላይ ክዳን ይገጠም ወይስ አይገጠም? ለሽያጭ ሲሠራስ ደንብ ይውጣለት?

ጥያቄ አቅራቢዋ፦
ባለፈው ክረምት ለሁለት ዓመት ልጄ መጫወቻ ማስቀመጫ የሚሆን የእንጨት ሣጥን ሰፈራችን ካለ አንድ እንጨት ቤት አሠርቼ ነበር። ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 45 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ክዳኑ ከኋላ በሁለት ማጠፊያ የተያዘ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጄ ኳሱን ሊያወጣ በእግር ጣቶቹ ቆሞ፣ ጠርዙን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ውስጥ ሲያይ ክዳኑ ወደቀበት። አንገቱ ስለተረፈ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ የሁለት ጣቶቹ ጥፍር ግን ጠቁሮ ሰንብቶ ወለቀ። ስለዚህ በተከፈተበት የሚያቆመው ድጋፍ የሌለው ክዳን ለልጅ ሣጥን ሊገጠም አይገባም እላለሁ፤ ለሽያጭ ለሚሠሩትም ይህ በደንብ ግዴታ ሊሆን ይገባል። በዚህ የማይስማማ ካለ ምክንያቱን ያስረዳኝ።

አናጢ፣ ከመርካቶ፦
እህቴ፣ እንኳን ልጅሽን አተረፈልሽ። ነገር ግን ደንበኛ ክዳን የሚያዝዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሣጥኑ እንግዳ ሲመጣ መቀመጫም ይሆናል፣ አቧራም ይከላከላል። እኔ እንደማየው ጥፋቱ ያለው በክዳኑ ክብደት ላይ ነው። በጠቀስሽው ልክ የተቆረጠ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ በ9 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ቢሠራ ግን ከዚያ ከግማሽ ያነሰ ይሆናል። ግዴታ ይጣል የሚለውን አልቀበልም፤ ምርመራና ወረቀት የሚጠይቅ ደንብ ቢወጣ በአንድ መጋዝና በአንድ መላጊያ የሚተዳደረው እንጨት ቤት ይዘጋል፣ ገበያውም ከውጭ ለሚያስመጡ ብቻ ይቀራል።

ተሳታፊ፣ ከቨርጂኒያ፦
ወንድሜ፣ ስጋትህ እዚህ አሜሪካም ተነሥቶ ነበር። በ2008 የወጣው የሸማቾች ምርት ደኅንነት ማሻሻያ ሕግ የመጫወቻ ደረጃዎችን አስገዳጅ ሲያደርግ በቤታቸው የእንጨት መጫወቻ የሚሠሩ ሰዎች በምርመራው ወጪ ምክንያት አጥብቀው ተቃወሙ፤ በ2011 ምክር ቤቱ ሕጉን አሻሽሎ በትንሽ መጠን ለሚያመርቱ የምርመራውን ጫና አቀለለላቸው። ለደኅንነቱ የተጣለው ግዴታ ግን አልተነሣም። ስለ ሣጥን ክዳን የተደነገገውም ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። ክዳኑ ከተከፈተበት ሲለቀቅ፣ ለመዘጋት ከሚቀሩት የመጨረሻ 50 ሚሊ ሜትር በስተቀር፣ በራሱ ክብደት ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ መውረድ የለበትም። ሣጥኑም ቢያንስ ሁለት የአየር ቀዳዳዎች ሊኖሩት ይገባል፤ እያንዳንዳቸው ከ650 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሱ፣ እርስ በርሳቸውም ቢያንስ 38 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ሆነው፣ ሣጥኑ ግድግዳ ተጠግቶ ሲቀመጥ የማይደፈኑ መሆን አለባቸው።

የአየር ቀዳዳው ትርፍ ነገር የሚመስለው ካለ አንድ ታሪክ ላንሣ። ሌን የተባለው ኩባንያ ከ1912 እስከ 1987 የሠራቸው የዝግባ ሣጥኖች ሲዘጉ በራሳቸው የሚቆለፉ፣ ከውስጥም የማይከፈቱ ስለነበሩ፣ ለመጫወት የገቡ ሕፃናት ታፍነው ሞተዋል፤ በ1996 ወደ 12 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሣጥኖች ቁልፋቸው እንዲቀየር ጥሪ ቀርቧል። እነዚያ ሣጥኖች ለመጫወቻ ማስቀመጫ እንኳ አልተሠሩም ነበር። ልጅ ግን ባዶ ሣጥን ካየ መግባቱ አይቀርም።

የሕፃናት መዋያ ሠራተኛ፦
እኛ ዘንድ ክዳን የሚባል ነገር የለም። የሣጥኑ ቁመት ከ30 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ ልጁ ሳይንጠራራ ከታች ያለውን ያወጣል፤ አቧራውን ጨርቅ ይሸፍነዋል። ይልቅ ስለ ቀለሙ ለምን ዝም ተባለ? ሕፃናት የሣጥን ጠርዝ ሲነክሱ በየቀኑ አያለሁ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ በሚሊዮን 90 እጅ ላይ ወስኖታል፤ ይሁን እንጂ ከየት እንደመጣ በማይታወቅ አሮጌ ጣሳ የልጅ ዕቃ የሚቀባ ሰው ዛሬም አለ።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦
ስለ ቀለሙ ትክክል ነሽ፤ የእኔንም ምን እንደተቀባ አልጠየቅሁም ነበር። ለአናጢው ወንድሜ ግን አንድ ነገር ልመልስለት። ክብደቱን መቀነስ ጉዳቱን ያቀለው ይሆናል እንጂ አያስቀረውም፤ 2 ኪሎም ቢሆን በሁለት ዓመት ልጅ አንገት ላይ ሲወድቅ ቀላል አይደለም። ደግሞም እኔ የጠየቅሁት ላቦራቶሪ አይደለም። ክዳኑ በተለቀቀበት መቆሙን ገዢው ራሱ በእጁ ሞክሮ ሊያረጋግጥ ይችላል፤ በመሠርሠሪያ ሁለት ቀዳዳ መብሳትስ የትኛውን እንጨት ቤት ያዘጋል?

አናጢ፣ ከመርካቶ፦
ቀዳዳውን ዛሬውኑ እቀበላለሁ፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ክዳኑን የሚያቆመው ድጋፍ ግን ጥሩው በየሱቁ አይገኝም፤ ርካሹ ደግሞ ጥቂት ወር ሠርቶ ይለቃል፣ ወላጅም ተማምኖበት ይዘናጋል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ለልጅ ተብሎ ለሚታዘዝ ሣጥን ማጠፊያ አልገጥምም፤ ክዳኑን ከቀጭን ኮምፔንሳቶ ቆርጬ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ተነሥቶ ወለል ላይ የሚቀመጥ አድርጌ እሠራዋለሁ። በደንቡ ጉዳይ ግን አሁንም አልተስማማንም፤ ከመውጣቱ በፊት የሚያረቅቁት ሰዎች እንጨት ቤቶቹን ዞረው ይዩ።