ስሙኒ፣ ሽልንግ፣ ቤሳ ቤስቲን፦ «ክቡ ስሙኒ» ምን ማለት ነው?

ፊደል ለቃሚ፦ ሳንቲም ሰብሳቢዎች «ክቡ ስሙኒ» እያሉ በጣም ሲያደንቁ አያለሁ። ስሙኒ ሁሉ ክብ አይደለም እንዴ? ሃምሳ ሳንቲምንስ «ሽልንግ» ያሰኘው ምንድን ነው?

ባለሚዛን፦ የሽልንጉ ያጥራልና ከእሱ ልጀምር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአገራችን ገበያ ይዘዋወር ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. (የንጉሡ የልደት ቀን ነው) አዲሱ ብር ሲወጣ አንዱ ብር በ2 ሽልንግ ተመነዘረ። ግማሽ ብር ልክ አንድ ሽልንግ ሆነ ማለት ነው። የውጪው ገንዘብ ከገበያ ሲጠፋ ስሙ ሃምሳ ሳንቲሙ ላይ ቀረ።

ወደ ስሙኒው ስንመጣ፣ በዚያን ጊዜ የወጡት ሳንቲሞች አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ የተመቱ ናቸው። 1፣ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲም ቀያይ ነበሩ፤ 50 ሳንቲሙ ግን 7.03 ግራም የሚመዝን፣ ከ1000 እጅ 800ው ንጹሕ ብር የሆነ ነው። ያ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በወቅቱ 250 እጅ ብቻ ብር እንደነበረው ልብ ይበሉ። በማርትሬዛ (በድሮው የብር መገበያያ ገንዘብ) የለመደ ሰው አዲሱን ገንዘብ እንዲያምን ይህ ብርነቱ ትልቅ ነገር ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚሁ ነው። የመዳቡ 25 ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ሆኖ ሲወጣ መጠኑ ከሽልንጉ (ከ50 ሳንቲሙ) ጋር ተቀራረበ። አጭበርባሪዎች ስሙኒውን በብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ማሳለፍ ጀመሩ፤ ጽሑፉን ሳያነብ በቀለሙ የሚቀበል ሰው በአንድ ቅብ ብቻ 25 ሳንቲም ይከስራል። ከተመታው 10 ሚሊዮን ውስጥ 421,500 ብቻ ወጥቶ ተሰበሰበ። ከዚያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1952 እና 53 ጠርዙ ሞገድ ሞገድ የሆነው ስሙኒ ተተካ፤ ዓይን ቢያታልል እንኳ ጣት ይለየዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የንጉሡ ዘመን ስሙኒ ይህኛው ነው። «ክቡ» የሚባለው የፊተኛው ነው፤ ለእኔ የዘመኑ ሳንቲሞች ሁሉ አውራ እሱ ነው።

የቃል ቤት፦ ታዲያ በዓመቱ መለየት አይቻልም?

ባለሚዛን፦ አይቻልም። ሁለቱም ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ ነው። የዚህ ዙር የንጉሡ ሳንቲሞች መቼም ቢመቱ ዓመታቸው አልተቀየረም፤ አዲስ ዓመት የታየው በደርግ ጊዜ፣ 1969 ላይ ነው። ስለዚህ ጠርዙን ይመልከቱ። ሞገዱን በሞረድ አስተካክሎ «ክብ» የሚያደርግ ሊኖር ስለሚችል፣ ጽሑፉ ከጠርዙ ጋር የተጣበቀ ከሆነና ከፍ ያለው የዙሪያ ከንፈር ከሌለ አይግዙት። ሞረድ የነካው ጠርዝ በአጉሊ መነጽር ጭረቱ ይታያል።

በብር የተቀባ ክብ ስሙኒ ካገኙ ቅቡን አያስለቅቁ! የታሪኩ ማስረጃ ራሱ ቅቡ ነው። ቅብ መጀመሪያ የሚላጠው ከፍ ካለው ቦታ ነው፤ በንጉሡ ጉንጭና በአንበሳው ጋማ ላይ ቀይ መዳብ ብቅ ይላል። እውነተኛ ሽልንግ (50 ሳንቲም) ቢፋቅም ውስጡ ነጭ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦ አጠባበቁንም ልጨምር። መዳብን በሎሚ ወይም በአመድ ማሸት ትልቁ ጥፋት ነው፤ የሎሚው አሲድ ቡናማውን ቆዳ ይበላውና ሳንቲሙ ሮዝ መልክ ይዞ ይቀራል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ሳንቲሙ ቅባት ካለው፣ አሴቶን (ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ) ውስጥ ነክሮ፣ ሳያሹ፣ አየር ላይ ማድረቅ ይበቃል (እሳት አጠገብ ግን አይሁን)። ለስላሳ የፒቪሲ (ፕላስቲክ) ኪስም ይቅር፤ ጊዜ ሲሄድ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ያወጣል፣ እሱም መዳቡን ይበላዋል።

የቃል ቤት፦ ስለ ቃሉ አንድ ጥንቃቄ። ስሙኒን ከ«ተሙን» ጋር የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ተሙን ከዐረብኛ የመጣ፣ «ስምንተኛ እጅ» ማለት ሲሆን በምኒልክ ጊዜ የብር ስምንተኛው ነበር። ስሙኒ ግን ሩብ ነው። የድሮ ጽሑፍ ላይ «ሁለት ተሙን» ካገኛችሁ ሩብ ብር ነው እንጂ ሃምሳ ሳንቲም አይደለም። አላድ ከሆነ ግማሽ ነው።

ፊደል ለቃሚ፦ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ላይ ያለው ቤሳስ?

የቃል ቤት፦ ከህንዱ ፓይሳ የመጣ ነው፤ በባሕር ንግድ በዐረብ ወደቦች አልፎ በጣሊያን ሶማሊያ ሳንቲም ላይም «ቤሳ» ተብሎ ተመትቷል። ትንሽ ገንዘብ ስለነበር «የለኝም» ለማለት ተመቸ። ቤስቲን የቤሳ ማድመቂያ ነው፤ ብቻውን አይነገርም። አባባሉ ከአሉታ ጋር ብቻ ይሄዳል፦ «ቤሳ ቤስቲን አልሰጠኝም» ይባላል፤ «ቤሳ ቤስቲን ሰጠኝ» አይባልም።