«ፔትሪኮር» ምን ማለት ነው? በአማርኛስ ምን ልበለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አጭር ልብ ወለድ ከእንግሊዝኛ ስመልስ «ፔትሪኮር» የምትል ቃል ላይ ከቆምኩ ሁለት ቀኔ። ለወራት ጠብታ ባላየ ግቢ ላይ ማካፋት ሲጀምር ሴትዮዋ መስኮቷን ትከፍታለች፤ «ፔትሪኮሩ» ቤቱን ይሞላዋል። እጄ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት አያውቃትም። «የዝናብ ሽታ» ብዬ ልለፋት? ከየት የመጣች ቃል ናት?

መልስ 1፦ ደረቅ መሬት ዝናብ ሲነካው የሚሸተው ነው። «የዝናብ ሽታ» በይው፣ አንባቢ ይገባዋል።

መልስ 2፦ እህቴ፣ እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። የሚሸተው መሬቱ እንጂ ዝናቡ አይደለም፤ ቃሉም የሚለው ይህንኑ ነው። የተገጣጠመው ከሁለት የግሪክ ቃላት ነው። «ፔትራ» ዐለት ነው፤ ጴጥሮስ የሚለው ስምም ፔትሮሊየምም ከዚሁ ሥር ወጥተዋል። «ኢኮር» ደግሞ በግሪኮች አፈ ታሪክ በአማልክት የደም ሥር የሚፈስ ደም። የዐለት ደም እንደማለት! ጥንታዊ ይምሰል እንጂ ቃሉን የፈጠሩት ኢዛቤል ጆይ ቤር እና ሪቻርድ ቶማስ የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 «ኔቸር» መጽሔት ላይ። ያኔ ስሙን የሰጡት ደርቆ ከከረመ ዐለትና ሸክላ አፈር በእንፋሎት ላወጡት ቢጫማ ዘይት ነበር። ወደ ሽታው የተሻገረው ኋላ ነው።

መልስ 3፦ በሽታው ውስጥ ጂኦስሚን የሚባል ንጥረ ነገርም አለ፤ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነው። ጠብታው መሬት ሲነካ ከሥሩ አየር ይይዛል፤ አረፋው ሽቅብ ወጥቶ ሲፈነዳ ሽታውን ይረጨዋል። ከዶፍ ይልቅ በካፊያ ይበረታል፣ ስለዚህ ደራሲው ማካፋቱን የመረጠው በከንቱ አይመስለኝም።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። «የዐለት ደም»ን አልደፍራትም፤ «ዝናብ የነካው የደረቅ አፈር መዓዛ» ስል ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ይንዛዛብኛል።

መልስ 2፦ ስሙን ተዪውና በግስ ሞክሪው። «መስኮቱን ስትከፍተው ካፊያ የነካው አፈር ቤቱን አወደው።» ማወድ ካለን ሽታም መዓዛም ማለት አያስፈልግሽም።

ጠያቂዋ፦ «አወደው»! ወሰድኳት። «ካፊያ ያገኘው አፈር» ብዬ ግን አስገባታለሁ፤ ግቢው ሲጠብቅ የከረመ ነዋ።